ግሬደሩ ካለፈ በኋላ

ከአስኮ በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ የሚወጣው መንገድ በማለዳ ካልተያዘ ጭስ ሲውጡ መዋል ነው። እኛ የወጣነው አርፍደን ነው፤ ወንድም ጋሼ ከአሜሪካ ከመጣ ወዲህ ቁርስ ላይ ከተቀመጠ የሚያነሳው የለም። ሚኒባሱ ከአንዱ ሲኖትራክ ኋላ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ሲያዘግም እሱ በመስኮት የግራ ቀኙን አጥር ያያል። ብሎኬት የሚመረትበት ግቢ፣ የገረጋንቲና የአሸዋ ክምር፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የጥበቃ ጎጆ፣ ደግሞ የቆርቆሮ አጥር። «እኔ ስሄድ ይሄ ሁሉ ገብስ ነበር» አለ። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል፤ ግን እውነቱን ነው።

ወንድም ጋሼ የአክስቴ ልጅ ነው። በወጣትነቱ እዚሁ አገር ግሬደር፣ በምላጩ አፈር እየገፋ መንገድ የሚያስተካክለውን ማሽን፣ ይነዳ ነበር። አሜሪካ ገብቶ ለብዙ ዓመት መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ከኖረ በኋላ ወደ ሙያው የተመለሰው በአሪዞና በረሃ ነው፤ በሜክሲኮ ድንበር አጥር ጥግ የሚያልፈውን የጥበቃ መንገድ ለሚጠግን ተቋራጭ ተቀጥሮ። ስለ ግንቡ ሁሉም ይጠይቀዋል፦ ቁመቱን፣ ሰው ይዘለው እንደሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ መጥተው እንደሆነ። ስለ መንገዱ የጠየቀው ሰው የለም። እኔም ያነሳሁት እግራችን ከአስፋልት ወርዶ ጭቃ ከነካ በኋላ ነው።

ገፈርሳ ላይ ወረድን። ከተማይቱ ከምትጠጣባቸው ግድቦች በዕድሜ ቀዳሚው ይህ ነው። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ውሃው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዳሩ ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሣር ይግጣል። እኔ የመጣሁት ለእነሱ ነበር፤ የቀኑ ወሬ ግን ሌላ ሆነ። ወደ መናገሻ አቅጣጫ በባጃጅ ጥቂት ከሄድን በኋላ በእግር ወደ ግራ ታጠፍን። ወጨጫ 3,385 ሜትር ከፍታውን ደመና ውስጥ ነክሮ ከፊታችን ቆሟል። ከጀርባው አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስተከሉት የሚባለው የሱባ ጥድ አለ፤ ወደዚያ አልደረስንም።

ያስቆመን አጥር የማን እንደሆነ አልጽፍም። ግቢው ሰፊ ነው፤ የሽቦ አጥሩ ዳገቱን ወጥቶ፣ ሸለቆውን ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ ከባሕር ዛፉ ኋላ ይጠፋል። ለጥበቃ ፒክአፕ የሚበቃ የአፈር መንገድ ጥግ ጥጉን ይከተለዋል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲርስ ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ቋሚውንም እየገፋ ያዘምመዋል። ስለዚህ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ግሬደር ይመጣል፣ ቋሚ ይቀየራል፣ ሽቦ ይወጠራል፣ የአጥሩ ግራ ቀኝ ይመነጠራል። ይህን የነገሩን ከጎጆአቸው ብቅ ያሉት የጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ «አካም» አሉን፤ አማርኛችንን ሲሰሙ «እንደምን አረፈዳችሁ ልጆቼ» ብለው ተሻገሩልን።

ሸለቆው አጥሩን በሚያቋርጥበት ቦታ ወንድም ጋሼ ቆመ። ክረምቱ ያመጣው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሽቦው ጋር ተጠላልፎ ግድግዳ ሆኗል። ጎርፉ እዚያ ተገድቦ እንደነበር ከጉልበት በላይ ሽቦው ላይ የደረቀው ጭቃ ይመሰክራል። መውጫ ሲያጣ በሲሚንቶ የተተከለውን ቋሚ ከሥሩ ቦርቡሮ ወጥቷል፤ ከአጥሩ በታች ባለው የገበሬ ማሳ ላይም ሰው እስከ ወገቡ የሚደበቅበት ቦረቦር ከፍቷል። «ሉክቪል!» አለ ወንድም ጋሼ፣ ዘመድ ያገኘ ያህል።

ሉክቪል በአሪዞና ድንበር ላይ ያለች መንደር ናት፤ ዙሪያዋ ኦርጋን ፓይፕ ካክተስ የሚባል ጥብቅ በረሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የመረብ አጥር ተሠራበት። አሠሪዎቹ ውሃ አያግድም ብለው ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ዝናብ ጣለ። የዚያ በረሃ ዝናብ አጭር ግን ኃይለኛ ነው፤ ጎርፉ ጭራሮውን ሰብስቦ መረቡን ደፈነው፣ የታገደው ውሃም አጥሩን ተከትሎ ወደ ጎን ሄደ። በ2011 ነሐሴ እዚያው ጥብቅ ስፍራ ውስጥ 12 ሜትር ያህል አጥር በጎርፍ ተወሰደ። በስተምሥራቅ ባለችው ኖጋሌስ ደግሞ በዚያው በ2008 ሐምሌ የባሰ ሆነ። የአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች ሰው እንዳይሾልክ ብለው ከመሬት ሥር በሚያልፈው የጎርፍ መውረጃ ውስጥ የሠሩት የኮንክሪት ከልካይ ውሃውን ወደ ሜክሲኮ በኩል መልሶ የከተማውን መሀል አጥለቀለቀው።

በኋላ የተተካው ከፍተኛው የብረት አጥር እስከ 9 ሜትር ይደርሳል፤ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጎርፍ በሚያልፍባቸው ቦታዎች በር ተሠራለት፤ የበጋቸው ዝናብ ሊገባ ሲል ይከፈታል፣ ሲያበቃ ይዘጋል። በ2021 ነሐሴ ከበሮቹ የተወሰኑትን ውሃው ገንጥሎ ጣላቸው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «እኔም እኮ በር አለኝ» አሉ። በሰኔ የታችኛውን ሽቦ ከሁለት ቋሚዎች ፈትተው ወደ ላይ ይጠቀልሉታል፤ ለመስቀል መልሰው ያስሩታል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ለማንም አልተናገሩም። ዘንድሮ በሰኔ ታመው ቤት ስለተኙ ሽቦው ሳይፈታ ቀረ፤ ያየነው ቦረቦር የዚያ ውጤት ነው። አንድ ጥበቃ ለወር መታመሙ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ እንዲህ ተጽፎ ሲታይ ምን እንደሚባል አላውቅም። እሳቸው ግን ለማሳው ባለቤት ካሣ ይሆን ዘንድ ከአጥሩ የተመነጠረውን እንጨት ሰጥተውታል።

የወንድም ጋሼን ደም ያፈላው መንገዱ ነው። ጎንበስ ብሎ የመንገዱን ዳር በእጁ ለካ። መንገዱ ከማሳው ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል፤ ዳሩ ላይ ደግሞ ግሬደሩ ገፍቶ የተወው አፈር ተራራ ሠርቶ፣ ሣር አብቅሎ ቀርቷል። «ይሄ ልጅ ቸኩሏል» አለ፤ የማያውቀውን ኦፕሬተር ነው። ምላጩ በየዓመቱ ደቃቁን አፈር ይገፋል፤ ዳር የቀረው ክምር ካልተበተነ ውሃ የሚወጣበትን ይዘጋል። በዳገቱ ላይ በስስ ተዘርግቶ ይወርድ የነበረው ዝናብ አንድ መስመር ይገባና ጉልበት ያገኛል፤ መንገዱም ወንዝ ይሆናል። ሲቆፈር ገረጋንቲ ይመጣለታል፤ ገረጋንቲውን ለማምጣት አንድ ቦታ ካባ ይከፈታል፤ በሚቀጥለው ክረምት ገረጋንቲው ራሱ ተጠርጎ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። በአሪዞና ሜዳ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በሌላው በኩል ይታያል። ቁጥቋጦው የሚኖረው በዚያ በስስ በሚዘረጋ ውሃ ነው፤ መንገዱ ውሃውን ሲቀማው ከመንገዱ በታች ያለው ይደርቃል።

አንድ ነገር ሽማግሌውን ከሁሉ በላይ ገረማቸው። እዚያ ጠባቂዎች ያረጁ የመኪና ጎማዎችን በሰንሰለት አስረው ከመኪና ኋላ እየጎተቱ የአፈሩን መንገድ ያስተካክላሉ። የተስተካከለ አፈር ላይ አዲስ ዱካ ወዲያው ይለያል፤ ሥራው ለዚያ ነው። «ሌባ ለመያዝ መንገድ መጥረግ!» አሉና ጎጆአቸውን ዞር ብለው አዩ፤ መጥረጊያ የሚፈልጉ መሰሉ። ችግሩ የበረሃው ቆዳ ነው። የአሸዋው ገጽ በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ተያይዞ ስስ ቅርፊት ይሠራል፤ ነፋስና ውሃ እንዳይወስደው የሚይዘው እሱ ነው። አንዴ ከተደቀቀ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈልጋል፤ ጎማው ግን ተመላልሶ ያልፍበታል።

ከዚያ ስለ አረም ተነሳ፤ እዚህ ላይ እኔም የምለው ነበረኝ። በአሪዞና መንገድ ዳር የሚስፋፋው፣ ሲደርቅ እሳት ተሸክሞ እሳት ለማያውቀው ረጅሙ ቁልቋል የሚያደርሰው ቡፈል ግራስ የተባለው ሣር ከእኛው አህጉር የሄደ ነው። ለከብት መኖና አፈር እንዲይዝ ተብሎ በ1930ዎቹ ተወሰደ፤ ዛሬ በግሬደርና በጎማ እየተጓዘ በረሃውን ይወርሳል። እኛ ደግሞ ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ የመጣ ቅንጨ አረም አለን፤ ከአዳማ ወዲያ በየመንገዱ ዳር ነጭ አበባውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ሁለቱም ድንበር ያቋረጡት ሰው ይዟቸው ነው፤ አንዱንም አጥር አላቆመውም። ወንድም ጋሼ እንደሚለው የጥገናው መመሪያ ማሽኑ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲዛወር ዘር እንዳይሸከም ይታጠብ ይላል። የወፍ ጎጆ ተፈትሾ ካልሆነ ቁጥቋጦ አይመንጠር፣ እንስሳ ገብቶ እንዳይቀር የተቆፈረ ጉድጓድ ሲመሽ ይሸፈን ወይም መውጫ ይበጅለት ይላል። ጥሩ መመሪያ ነው። አለቃው ሲቸኩል የሚቀረው የመጀመሪያው ነገር ግን እጥበቱ ነበር፤ ውሃው ሩቅ ነዋ።

ውሃ ሲባል ኪቶባኪቶ የምትባለውን ምንጭ ማንሳት ግድ ነው። ከድንበሩ አጠገብ ያለች ትንሽ ኩሬ ናት፤ የራሷ ትንሽ ዓሣና የራሷ ኤሊ አላት፤ ለቶሆኖ ኦዳም ሕዝብ ደግሞ ቅዱስ ቦታ ናት። በ2019 እና 2020 ለአጥሩ ኮንክሪት በአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ሲሳብ፣ የኩሬዋም ውሃ ሲጎድል፣ ብዙ ጩኸት ተነሳ። ጩኸቱ ተገቢ ነበር። ግን ተመልከቱ፤ የተጮኸው በግንባታው ጊዜ ነው። አጥር ሲሠራ ካሜራ ይመጣል፣ ክስ ይመሠረታል፣ ጥናት ይጠየቃል፤ ለዚያውም በ2005 የወጣው ሕግ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ለአጥር ግንባታ ሲባል የአካባቢ ጥበቃ ሕጎችን እንዲያነሳ ሥልጣን ሰጥቶታል። ጥገና ሲመጣ ግን ማንም አይመጣም። መደበኛ ጥገና በብዙ አገር እንደ ቀላል ሥራ ተቆጥሮ ከዝርዝር ጥናት ያመልጣል። በእኔ ግምት አንድ ጊዜ ከተተከለው ብረት ይልቅ በየዓመቱ የሚመለሰው ምላጭ፣ ሌሊት ሙሉ የሚበራው መብራት፣ አረም ማጥፊያው፣ ጎማው ተደምረው መሬቱን የበለጠ ይለውጡታል። የሶኖራ ፕሮንግሆርን የሚባለው አጋዘን መሰል እንስሳ በ2002 ድርቅ በአሜሪካ በኩል 21 ብቻ ቀርቶ ነበር። መኪና ሲሰማ የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ሩጫ ከስቡ ላይ ይቀነሳል።

ሌላውን ወገንም ልስማ ብዬ ወንድም ጋሼን ሞገትኩት። በሺህ የሚቆጠር ሰው በእግሩና በመኪናው በረሃውን ሲያቋርጥ የሚተወው ቆሻሻና ጎዳና ቀላል አልነበረም፤ አጥሩ ያንን ቀንሷል የሚሉ አሉ። «እሱም እውነት ነው» አለ። «የተበላሸ መንገድ ሳይጠገን መቅረቱም የባሰ ነው። ሾፌሩ ጭቃውን ሊሸሽ አዲስ መንገድ በጎን ይከፍታል፤ በዓመቱ አንዱ መንገድ ሦስት ይሆናል። እኔ አትጠግኑ አላልኩም። ቀስ ብላችሁ ጠግኑ ነው።» በፖላንድና በቤላሩስ መካከል 186 ኪሎ ሜትር የብረት አጥር በ2022 ሲተከል የቢያሎቪዬዣን ጥንታዊ ደን ሰንጥቆ አለፈ፤ እዚያም አብሮት የሚሄድ የጥበቃ መንገድ አለ። ወንድም ጋሼ ይህን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው።

ሽማግሌው ግሬደሩ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ነገሩን። ወንድም ጋሼ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፤ እኔ የወፍ ዝርዝር ከምጽፍበት ደብተር አንድ ገጽ ቀደድኩለት። እንዲህ ጻፈ፦ «ወንድሜ፣ የዳሩን ክምር አትተወው፤ በትነው። መንገዱን ወደ ቁልቁለቱ በኩል ትንሽ አዘንብለው፣ ውሃው በየቦታው ይውጣ። ሸለቆው ጋ ቱቦ አትጠይቅ፣ ይደፈናል፤ ድንጋይ ይነጠፍበትና ውሃው ከላይ ይለፍ። ከታች ጋቢዮን ካገኘህ ጥሩ። ቅርንጫፉን ሳታነሳ ምላጭ አታውርድ።» ጋቢዮን የሚለው በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን ነው። መጨረሻው ላይ ስሙን ሳይሆን «የድሮ ኦፕሬተር» ብሎ ፈረመ።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው አንብበው ጨረሱ። «ቱቦውንስ አለቆቹ ገዝተውታል» አሉ። ከጎጆው ኋላ ሳር ውስጥ የተጋደሙ አራት የሲሚንቶ ቱቦዎች አሳዩን። ወንድም ጋሼ ሄዶ አፋቸውን ለካ፤ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱን መልሶ ወሰደና ከታች አንድ መስመር ጨመረበት፦ «ግድ ከሆነ አራቱንም ጎን ለጎን አድርጋቸው።» ከሆለታ የሚመለስ ሚኒባስ ለማግኘት ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ስለ ቱቦው ስፋት ገና እየተከራከረ ነበር፤ እኔ ስለ ቱቦ ምንም ስለማላውቅ ክርክሩ ከራሱ ጋር ነበር።