ቀስቱ ቀድሞ ይወድቃል

ኮሮላዋ ወደ ጋራዣችን የመጣችው ተጎትታ ነው። አዲስ ባትሪ፣ አዲስ የቤንዚን ፓምፕና አዳዲስ ካንዴላዎች ተገጥመውላታል፤ ሁሉም በአንድ ጋራዥ፣ ሁሉም በግምት። ሕመሟ ግን ያው ነው። ሞተሩ ሲግል ድንገት ይጠፋል፤ ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፣ አይነሳም። ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ወደ ደጀን የሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ በከባድ መኪኖች መሐል ቆማባቸዋለች። ያንን ዳገት የነዳ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

«ስትጠፋ እየተንገራገጨች ነው ወይስ በአንድ ጊዜ?» አልኳቸው።

«በአንድ ጊዜ ነው ልጄ። ደግሞ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ቀድሞ ዜሮ ላይ ይወድቃል። መኪናዋ ገና በማርሽ እየሄደች እኮ ነው።»

«ይህንን ለእነዚያ መካኒኮች ነግረዋቸው ነበር?»

«እንዴት አልነግራቸውም! ‹እናት፣ እርስዎ መሪዎን ይያዙ፤ ሞተሩን ለእኛ ይተዉልን› አሉኝ።»

ደሜ ፈላ። እኚህ ሴት የምርመራውን ግማሽ ሠርተው አቅርበውላቸዋል። መኪና በማርሽ እየሄደች ከሆነ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል። ቤንዚን ቢቋረጥ ቀስቱ ከፍጥነቱ ጋር ዝቅ ዝቅ ይላል እንጂ በቅጽበት ዜሮ ላይ አይወድቅም። ሞተሩ እየዞረ ቀስቱ ከወደቀ የተቋረጠው ነዳጁ ሳይሆን ምልክቱ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረውም የሞተሩን መዞር እየተከታተለ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የክራንክ ሴንሰር ነው። እሱ ዝም ሲል ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታም የቤንዚን መርጫዎቹንም ያቆማል። ፓምፕ የሚያስቀይር አንድም ነገር አልነበረም።

ሞተሩን አስነስተን እስኪግል ጠበቅን፤ ጠፋ። የነዳጁ ግፊት 3 ባር ገደማ፣ ጤነኛ ነው። ብልጭታ የለም። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅዬ በመልቲሜትር ስለካው መስመሩ ተቋርጧል፤ ሲበርድ እንደገና ለካሁት፣ ተመልሷል። ውስጡ ያለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። በኮምፒውተሩም ላይ የክራንክ ሴንሰሩን መስመር ብልሽት የሚያመለክተው ፒ0335 የሚለው ኮድ ተመዝግቦ አገኘነው። መምህርቷ ቀደም ሲል «ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም» ተብለው ነበር፤ ለካ እነዚያ መካኒኮች ያነበቡት ባትሪውን ቀይረው ከጨረሱ በኋላ ነው። ባትሪ ፈትቶ፣ የተመዘገበውን ኮድ አጥፍቶ፣ ከዚያ ማንበብ ምርመራ አይባልም።

ሴንሰሩ ተቀየረ፤ መኪናዋን እንጦጦ አውጥቼ አወረድኳት፣ አልጠፋችም።

መምህርቷ ሲከፍሉ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ የብልሽቱን ምክንያት በወረቀት ላይ እንድጽፍላቸው። የፓምፑን ገንዘብ ሊጠይቁበት ነው። አለቃዬ ወደ ጎን ጠርቶ «የሙያ ባልደረቦቻችንን በጽሑፍ ማጋለጥ ለእኛም አይበጅም፤ ነገ እነሱም በእኛ ላይ ይጽፋሉ» አለኝ። የሚለው አልጠፋኝም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲሸፍን የኖረበት ገበያ ነው። እኔ ግን የለካሁትን ሁሉ፣ በጋለበትና በበረደበት ጊዜ ያሳየውን ጭምር፣ በዝርዝር ጽፌ ፈረምኩበት። ከሁሉ በላይ ግን ‹ቀስቱ ቀድሞ እንደሚወድቅ ባለንብረቷ አስቀድመው ተናግረዋል› የሚለውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያው መስመር ላይ አሰፈርኩት።