አሴቶናይትራይል ጠይቄ አይሶፕሮፓኖል ሲመጣልኝ

ደሴ ላይ በኤችፒኤልሲ፣ ማለትም ፈሳሽ በግፊት እየገፋ የተቀላቀሉ ውህዶችን በሚለይ ማሽን፣ ለምትሠሩ ነው የምጽፈው። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ሥራው ቀላል ነበር። ፓራሲታሞልና ካፌይን ያለበት ኪኒን፣ ሲ18 ኮለም (ውህዶቹ የሚለያዩበት፣ በጥቃቅን ቅንጣቶች የታጨቀ ቱቦ)፣ በውስጡ የሚያልፉት ደግሞ ፎስፌት በፈር የሚባል የጨው ውሃና አሴቶናይትራይል የሚባል ሶልቨንት (አሟሚ ፈሳሽ)። በፈሩን አዘጋጀሁ፣ አጣራሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። እዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም።

ከዚያ አሴቶናይትራይሉ አለቀ። ግዥ ክፍል በምትኩ አይሶፕሮፓኖል ገዝቶ ላከ። «ይኼም ሶልቨንት ነው፣ ደግሞ ረከስ ይላል» ተባልኩ። ይመለስ ብል በጀቱ ተዘግቷል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በ25 ዲግሪ የአሴቶናይትራይል ዝልግልግነት 0.4 ሴንቲፖይዝ እንኳን አይሞላም። የአይሶፕሮፓኖል 2 ገደማ ነው። ውሃ ያቀጥነዋል ብላችሁም እንዳትጠብቁ፤ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ ከሁለቱም የባሰ ይወፍራል።

ፓምፑን ስከፍት ግፊቱ ሽቅብ ወጣ። ግፊቱስ ባልከፋ፤ ያናደደኝ ፒኩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ውህድ ሲወጣ ማሽኑ የሚስለው ጉብታ ነው። አይሶፕሮፓኖል ከአሴቶናይትራይል ይልቅ ቶሎ ገፍቶ ስለሚያወጣ መጠኑን ቀነስኩ። የመውጫ ሰዓቱ ተስተካከለ። ፒኮቹ ግን እግራቸው ሰፍቶ ተነካኩ። ካፌይኑ የሚነሳው ከፓራሲታሞሉ ጭራ ላይ ነው፤ በመሀል መስመሩ ታች አይደርስም። ፈሳሹ ሲወፍር ሞለኪዩሎቹ የኮለሙ ቅንጣቶች ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ለመውጣት ይዘገያሉ። አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲቀር ፒኩ ይለጠጣል።

የማሽኑ መመሪያ ግፊት ከበዛ ፍሰቱን ቀንስ ይላል። ቀነስኩ። ግፊቱ ወረደ፣ ፒኩም ትንሽ ጠበበ፣ ግን አንድ ናሙና እስኪወጣ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። እኔን ከጠየቃችሁ መጀመሪያ ኮለሙን አሙቁት። የሙከራ ዘዴው «በክፍል ሙቀት» ይላል። የማን ክፍል? የጦሳ ተራራ ብርድ የገባበት የጠዋት ላብራቶሪ? ውሃ ራሱ በ15 ዲግሪ ከ25ቱ በሩብ ያህል ይወፍራል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል እዚያ ያሉት ላይገባቸው ይችላል።

40 ዲግሪ ላይ ሳደርገው ግፊቱ ወረደ፣ ፒኮቹም ተለያዩ። እንደ አሴቶናይትራይሉ ስል አልሆኑም፣ ግን ይሠራሉ። ሙቀት የመውጫ ሰዓትንም ስለሚያዛባ ስታንዳርዱን (መጠኑ የሚታወቀውን ማመሳከሪያ) እንደገና ሳትወጉ ናሙና እንዳታስገቡ።

የተረፈው አይሶፕሮፓኖል ኮለም ማጠቢያ ሆኗል። ለዚያ ጥሩ ነው፣ በፈሩን መጀመሪያ በውሃ አስወጡና በቀስታ ልቀቁት። ግዥ መጠየቂያው ላይ ደግሞ «በሌላ አይተካም» ብላችሁ ጻፉ፤ ቅጂውንም እናንተ ዘንድ አስቀሩ።