የእግር ወለምታም በቅቤ አይታሽም

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ተረቱ ያልነገረን ነገር ግን አለ፤ የእግሩም ወለምታ ቢሆን፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ በቅቤ አይታሽም። ይህን የተማርኩት ላሊበላ ልሄድ ስል ነው፤ ያውም ከታሸሁ በኋላ።

ከበረራው አንድ ቀን በፊት ከሚኒባስ ስወርድ ወያላው «ፈጠን በል!» አለኝ፤ ፈጠን አልኩ። ቀኝ እግሬ ያረፈው ክዳኑ በግማሽ የተሰበረ ቱቦ ጠርዝ ላይ ነበር። ውስጥ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈና ቋ! አለ። አብዛኛው ወለምታ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ቁርጭምጭሚቱን የያዙት ጅማቶች ይለጠጣሉ፣ ሲብስም ይበጠሳሉ።

ጉዞው አይሰረዝም። እናቴ ለቤተ ማርያም ጃንጥላ ተስላለች፤ ጃንጥላው በረጅም ካርቶን ታሽጓል፤ የካርቶኑ ተሸካሚ ደግሞ እኔ ነኝ። ማታውኑ ቅቤ አሙቃ የሰፈራችንን ወጌሻ አስጠራች። ወጌሻው እግሬን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ቦታውን ለቋል» አሉና መለሱት። ሲመልሱት ከ11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የዘጠኙን ታቦት ስም እዚያው አልጋዬ ላይ ጠርቻለሁ።

ጠዋት ስነቃ እግሬ ድፎ ዳቦ አክሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጅማት ሲጎዳ ትንንሽ የደም ሥሮችም ይበጠሳሉ፤ ሙቀትና እሽት ደሙን ወደ ቦታው ይጠራዋል፣ እብጠቱም ይጨምራል። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ሌላ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው 4 እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ሲጫኑት አጥንቱ ራሱ ካመመው፣ ወጌሻም ላሊበላም ቆይተው ራጅ ይቀድማል። እኔ እያነከስኩም ቢሆን አራቱን ተራመድኩ፤ አጥንቴም ሲጫኑት ደህና ነበር። ስለዚህ ወለምታ ነው።

ለወለምታ ደግሞ ብርድ። ከሁሉ የሚቀለው ውሃ የሞላ ሀይላንድ ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ ማደር ነው፤ ሲረጋ ስለሚሰፋ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ይጉደል። ከዚያ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ መደጋገም። በረዶ ባዶ ቆዳ ላይ አይቀመጥም፣ ያቃጥላል። ሲተኙ እግር ከልብ በላይ ከፍ ይበል፤ ሦስት ትራስ ይበቃል። ፋሻው የሚለጠጥ፣ ወርዱ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። ከጣቶች ሥር ይጀመርና ሁለት ዙር ከተጠመጠመ በኋላ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ስምንት ቁጥር እየሠራ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። ጣቶች አይሸፈኑም። የአውራ ጣትን ጥፍር ተጭነው ሲለቁት ቅላቱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ጠብቋልና ፈቶ ማላላት ነው።

ይህን ሁሉ በሥርዓቱ አድርጌ በጫማው ተሸነፍኩ። ይደግፈኛል ብዬ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር ቡት አድርጌ ሄድኩ። ለተራራ ቢሆን ልክ ነበርኩ። ላሊበላ ግን በየደጃፉ ጫማ ይወልቃል፤ የኔ ቡት በየጎኑ 8 ቀዳዳ አለው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ላይ ማሰሪያውን እስክፈታ እናቴ ተሳልማ፣ ጸልያ፣ ከጫማ ጠባቂው ጋር የዘር ሐረግ ቆጥራ ጨርሳለች። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 11 ሜትር የሆነውን ያን ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሕንፃ እኔ ያየሁት አብዛኛውን ከማሰሪያዬ በላይ አሻግሬ ነው። ያበጠ እግር ደግሞ ቡት ውስጥ እስካለ ተጨምቆ ይቆያል፤ ሲወጣ ይነፋል፤ ተመልሶ አይገባም። ሰፋ ያለ፣ በማጣበቂያ የሚታሰር ሳንዳል ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ማውለቁን መቀነስም ይቻላል። ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል ያሉት በቤተ ማርያም ቅጥር ውስጥ ስለሆነ አንዴ አውልቀው ሦስቱንም በባዶ እግር ማዳረስ ነው። ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤልም የተያያዙ ናቸው። በዚህ ስሌት 11ዱ ወደ 8 ይወርዳል። እኔ ይህን ያሰላሁት ከሰባተኛው በኋላ ነው።

ቤተ ማርያም ደርሰን ጃንጥላው ተሰጠ፣ እልል ተባለ። ካርቶኑን ልጥለው ስል እናቴ «ተው፣ ለአንድ ነገር ይሆናል» አለች። የናቶቻችን ቤት በእንዲህ ያለ ካርቶን እንደተሞላ ታውቃላችሁ።

ስለ ደረጃው ካልተናገርኩ ምን ነገርኳችሁ? ሌላ አገር ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ለማየት ሽቅብ ይወጣል። ላሊበላ የተፈለፈለው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ጉዞው የሚጀምረው በቁልቁለት ነው፤ ወለም ላለው ሰው ደግሞ ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ሲወርዱ ከላይ ባለው ደረጃ ላይ የሚቀረው እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጣም ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከላይ የሚቀረው ደህናው መሆን አለበት። እኔ ደህናውን አስቀድሜ ሁለት ደረጃ እንደወረድኩ ጮህኩ። አንድ አዛውንት ቄስ ከታች ሆነው «ልጄ፣ ቁልቁል ኃጥኡ ይቅደም፣ ሽቅብ ጻድቁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም፤ እናቴ ግን ቀኝ እግሬን እስካሁን «ኃጥኡ» ነው የምትለው።

ምርኩዝ ያስፈልግ ስለነበር ከመንገድ ዳር መቋሚያ ገዛሁ። መቋሚያ ለማኅሌት የተሠራ ነው፤ ክንድ አሳርፈው ሌሊቱን ሙሉ ይቆሙበታል እንጂ አይራመዱበትም። እኔ ብብቴ ሥር ወትፌ ክብደቴን በሙሉ ጣልኩበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ በብብት ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫኑት እንዲህ ያደርጋል። አሁን እግሬም እጄም የለም። የምርኩዝ ትክክለኛ ቁመት ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ሲንጠለጠል እስከ አንጓ ድረስ ነው፤ የሚያዘውም በደህናው እግር በኩል እንጂ በታመመው በኩል አይደለም። መቋሚያውን ካልተውኩት በዳሌዬ ቁመት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ እዚያ መጨበጥ ነበረብኝ። እንጨቱ የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ስለሚንሸራተት የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጫፉ ላይ በሲባጎ ማሰር ጥሩ ነው፤ ይህን ያሰረልኝ አስጎብኚያችን ነው።

በማግስቱ ወደ ምሥራቁ ክፍል ሄድን። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባው ከጥልቅ ቦይ በላይ በተዘረጋ መተላለፊያ ነው፤ እዚያ ታች አለማየት በቂ ነው። ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ግን ሌላ ነው። ወደ 35 ሜትር የሚሆን ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። አንድ እጅ ግድግዳ ይዞ፣ ሌላው ጣራው እንዳይመታ ከራስ በላይ ይሆናል። ምርኩዝ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለም! ግድግዳውን ያዝኩ፣ በሌላው መቋሚያውን አጥብቄ ጨበጥኩ፣ ራሴን ለፈጣሪ ተውኩት። ፈጣሪ ሁለት ጊዜ አስመታኝ። ከፊት የሚሄድ ሰው እየቆጠረ «ዝቅ በል» ቢል ይበቃ ነበር፤ እናቴ ግን ከፊት ሆና ውዳሴ ማርያም ላይ ነበረች።

ምንጣፉን ደግሞ አትመኑት። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ስምንት መቶ ዓመት የተረገጠ ስለሆነ ጎድጓዳውን ምንጣፉ ይሸፍነዋል፤ በተረከዝ ከመርገጥ በፊት በጣት መዳሰስ ነው። ሌላው የምንጣፍ ነዋሪ ቁንጫ ነው። ካልሲ ከፋሻው በላይ ይደረግ፣ የሱሪ ጫፍም ካልሲው ውስጥ ይግባ። እኔ ፋሻውን ከካልሲው በላይ አሰርኩት፤ አንዷ በጣቶቼ በኩል ገባችና ስምንት ቁጥሩን ተከትላ ወጣች። አስጎብኚው ስለ ቤተ አማኑኤል ግድግዳ የአክሱም አሠራር ሲያስረዳ እኔ በጧፍ ጫፍ ፋሻዬ ውስጥ እየፈለግኋት ነበር። ጧፉ ተሰበረ፤ ግማሹ እዚያው ቀረ።

ከቤተ አባ ሊባኖስ ስንወጣ የቀኙ ቡት አልገባ አለ። በሳሙና አይገባ፣ በጸሎት አይገባ። እናቴ ካርቶኑን አቀበለችኝ። «ለአንድ ነገር ይሆናል አላልኩህም?»

ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ማየት ወለም ላለው ሰው የተሰጠ በረከት ነው፤ መስቀል ቅርጽ ያለው ጣራው ከመሬት እኩል ስለሆነ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ሳይወርዱ ይታያል። አስጎብኚው በአለቱ ላይ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ አሳየኝ። ፈረሱ እንደኔ ወለም አላለውም። እኔ አፋፉ ላይ ልቀር ነበር፤ እናቴ ግን «እዚህ ደርሰህ?» አለች። በቦዩ ወረድኩ፤ ኃጥኡ ቀደመ። በአንድ እጄ መቋሚያ፣ በሌላው ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በአንድ ካልሲ እያነከስኩ ስመጣ ታች የተቀመጡት እናቶች አዩኝ። አንዷ ብድግ ብላ እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት።

አንድ ዲያቆን ፈጥኖ መጣና ካርቶኑን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ዲያቆኑ ክዳኑን ከፈተ።

ቀኝ ቡት። ቁጥር 44።