ከኢትዮጵያ ወደ ስዊድን በመሀል ተከላካይነት፦ ከቪዲዮው እስከ ሜዳው

ለአጥቂ ጎሏ ይናገርላታል። አጥቂዋ ሎዛ አበራ በ2019 ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ስትሄድ ጎሎቿን ማንም መቁጠር ይችል ነበር። የተከላካይ ሥራ ግን ያልተቆጠረ ጎልና ያልደረሰ ኳስ ስለሆነ ማስረጃውን ራስሽ ማዘጋጀት አለብሽ።

የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ይከተላል፤ ኳሱ ሌላ ጥግ እያለ የት እንደቆምሽ አያሳይም። መልማዩ ማየት የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። እኔ የምልከው ከመሀል መስመሩ ትይዩ፣ ከትሪቡኑ ላይኛው ረድፍ፣ ትሪፖድ ላይ በቆመ ስልክ የተቀረጸውን ነው፤ አራቱም ተከላካዮች አብረው ይታያሉ። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፦ አንድ ለአንድ፣ ቴስታ፣ ወደ ኋላ ሮጦ መድረስ፣ ተጭነውሽ ኳስ ማውጣት። እያንዳንዱ ቅንጭብ ድርጊቱ ሊፈጸም 5 ሰከንድ ሲቀረው ይጀምር። ሸርተቴው (ተንሸራተሽ ኳስ የነጠቅሽበት) ብቻ ከታየ፣ ወደ ሸርተቴ ያደረሰሽ የአቋቋም ስህተት ይሁን አይሁን አይለይም። የሁለት ሙሉ ጨዋታ ሊንክም ጨምሪ፣ አንዱ የተሸነፋችሁበት ይሁን። አህጉራዊ ጨዋታ ካለሽ እሱ ይቅደም፤ የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 ከሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ማጣሪያ አልፎ ሞሮኮ ላይ እንደተጫወተበት የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ዓይነት መድረክ ተጋጣሚዎቹ ስለሚታወቁ ደረጃሽን ለመመዘን ይመቻል።

ወረቀቱ ላይ አትቸኩይ። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር 18 ዓመት ሳይሞላ ወደ ሌላ አገር መዛወር አይቻልም። አዲሱ ክለብ የሚያስመዘግብሽም ዓለም አቀፉ የዝውውር ሰርተፍኬት በፊፋ ሥርዓት በኩል ከፌዴሬሽን ፌዴሬሽን ሲተላለፍ ነው። ነገሩን የሚያጓትተው ብዙ ጊዜ ስም ነው፤ የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱ በአንድ አጻጻፍ፣ በክለብ ምዝገባው በሌላ ይገኛል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ የኢትዮጵያው ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የተወለደች 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደች 8 ዓመት ትደምራለች። ሁለቱን ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ፊደል በፊደል አስተያዪ።

የምትለቂው ክለብ «አሳድጌሻለሁና የማሠልጠኛ ካሳ ይገባኛል» ካለ፣ በፊፋ ደንብ ይህ ካሳ በሴቶች እግር ኳስ አይሠራም። ውልሽ ካላለቀ ግን የዝውውር ገንዘብ መጠየቅ ይችላል። ውሉ ሊያበቃ 6 ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር የመፈራረም ነጻነት አለሽ።

ውሉን ስታነቢ ደመወዙ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ፣ ቤትና የአውሮፕላን ትኬት በማን እንደሚሸፈን፣ ስትጎጂ ሕክምናው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። «የጤና ምርመራ ካለፈች» ወይም «የሥራ ፈቃድ ካገኘች ይጸናል» የሚል አንቀጽ ካየሽ አስወጪው፤ የፊፋ ደንብ የውልን መጽናት በእነዚህ ላይ ማንጠልጠልን ይከለክላል። የወሊድ ፈቃድም ቢያንስ 14 ሳምንት፣ ቢያንስ ከደመወዝሽ ሁለት ሦስተኛው ጋር ነው። የሁለት ወር ደመወዝ ካልተከፈለሽ ዝም ብለሽ ሻንጣ አትያዢ። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ስጪ፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ማረጋገጫ አስቀምጪ። ያ ቀን ካለፈ በበቂ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ትችያለሽ። ይህን ቅደም ተከተል ሳትጠብቂ ከሄድሽ ግን ውል አፍራሿ አንቺ ልትባዪ ትችያለሽ።

ሜዳ ላይ መጀመሪያ የሚያታልልሽ ረጅም ኳስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ኳስ ይርቃል። የጎተንበርግ ዓይነት የባሕር ዳር ከተማ ላይ ያው ምት ቀድሞ ይወርዳል። በለመድሽው ግምት ወደ ኋላ ከሸሸሽ ኳሱ ፊትሽ ይወድቅና አጥቂዋ ትቀድምሻለች። ልምምድ ላይ ግብ ጠባቂዋ ደጋግማ እንድትመታልሽ ጠይቂ፤ ቶሎ አትሽሺ፣ ጎንሽን ሰጥተሽ ጠብቂ። እርጥብ ሳር ላይ ደግሞ የመሬት ኳስ ይፈጥናል፣ ግማሽ እርምጃ ቀድመሽ ተነሺ።

የስዊድን ሊግ በአውሮፓ ጸደይ (ሚያዝያ ገደማ) ተጀምሮ በመከራቸው (ኅዳር ገደማ) ያልቃል። ዝግጅቱ በቀዝቃዛው የአውሮፓ ክረምት፣ በብዛት ሰው ሠራሽ ሳር ላይ ነው። ለተፈጥሮ ሳር የተሠራ ረጅም ታኬታ እዚያ ላይ ይነክስና እግር ተተክሎ ሳለ ጉልበት ይዞራል። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ጉዳት በሴቶች ላይ ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ስለሚበዛ፣ አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ለሰው ሠራሽ ሳር የተሠራ ታኬታ ግዢ። «ፊፋ 11+» የሚባለውን የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያም በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ሥሪ፤ ከዝላይ ስታርፊ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ አጋርሽ ፊት ለፊት ቆማ ትይልሽ።

ከመሄድሽ በፊት ሦስት ጥሪ አጥኚ፦ «ሪግ» ሰው አለብሽ፣ «ቬንድ» ዙሪ፣ «ኡፕ» መስመሩን ወደ ፊት አውጡ። የመሀል ተከላካይ ሁሉንም ከኋላ ስለምታይ ጮክ ብላ መጥራት ያለባት እሷ ናት፤ አሠልጣኙም በመጀመሪያው ልምምድ የሚያዳምጠው ይህን ነው።