ወሎ በኪሎ ሜትር አይለካም፦ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ ለሁለት ሰው

ከኮምቦልቻ ላሊበላ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ይህን ቁጥር አምነው «ጠዋት ወጥተን ምሳ ላሊበላ እንበላለን» የሚሉ ባልና ሚስት ምሽቱን ጋሸና (ደጋው ላይ ያለችው የላሊበላ መገንጠያ) ላይ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ይገኛሉ። የወሎ መንገድ መለኪያው ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ሐይቅ ከተማ ወደ 2,000 ይወርዳል፣ መርሳ ከዚያም ዝቅ ትልና ሙቀቱ ይመጣል። ወልዲያን አልፎ የድልብን ዳገት ሲወጡ ከ3,000 በላይ፣ ከዚያ ላሊበላ እንደገና 2,500። ሁለት ጊዜ መውጣት፣ ሁለት ጊዜ መውረድ። ሰውም መኪናም የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ላሊበላ ሁለት ሌሊት ያዙ፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ያለው ሰው ሐይቅ ድረስ ሄዶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ አደይ አበባው አለ፣ ፏፏቴዎቹም ገና አልደረቁም። በኅዳር አዝመራው ያምራል፣ ውኃው ግን ክር ይሆናል። የበልግ ወራት (ከየካቲት እስከ ሚያዝያ) በሌላ አገር ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ወሎ ግን በልግ አብቃይ ስለሆነ ደጋው ላይ ጭጋግና ጭቃ ይጠብቃችኋል። ለግሸን ማርያም ንግሥ (መስከረም 21) ወይም ለገና ላሊበላ የማትሄዱ ከሆነ ከእነዚህ ቀናት ፊትና ኋላ ያለውን ሳምንት ዝለሉት፤ አልጋ አይገኝም።

መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ በየዕለቱ ይለዋወጣልና ይህን ከኢንተርኔት አትጠይቁ። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከምትሄዱበት አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ጠይቁ። ዛሬ ጠዋት የመጣ ከሆነ ጥሩ፤ የትናንትና ወሬ አሮጌ ወሬ ነው። አንድ ትርፍ ቀን ሁልጊዜ በእጃችሁ ይኑር። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ መንገዱ የከብት ነው፤ ከሜዳ የሚመለሰው መንጋ አስፋልቱን ይሞላዋል፣ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። በ10 ሰዓት ማደሪያችሁ ግቡ።

አሁን ወደ መኪናው። ቪትዝም ይሁን ኮሮላ ዋናውን መንገድ ይወጣዋል። ተርቦ የሌለው ሞተር ግን በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ ድልብ ላይ ሲሶ የሚሆነው ጉልበቱ የለም ማለት ነው። በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ ወለሉ እየረገጡ ከመታገል ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ቀድሞ 2ኛ ማስገባት ይበጃል። የሙቀት መለኪያው ከመሀል ወደ ላይ ከተነሳ ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መስኮት አውርዱ። ይቃጠላችኋል እንጂ ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል። አልወርድ ካለ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ይሥራ፣ ከዚያ አጥፉት። የራዲያተሩን ክዳን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳትነኩ። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንዳይፈላ የያዘው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው፣ ስትከፍቱት ፊት ላይ ይፈነዳል። ቆላ ላይ ደህና የነበረ መኪና ደጋ ላይ ካፈላ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ይኸው የክዳኑ ጎማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አስቀይሩት፤ ርካሽ ዕቃ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ደንቡ አሮጌ ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ የፍሬን ሸራውን ያግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ያ ውኃ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም ባዶ ሆኖ ይሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ቆማችሁ አስቀዝቅዙ፣ ውኃ ግን አታፍስሱበት፤ የጋለ ብረት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የጎማ ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ በመንገድ ሲሞቅ ከፍ ማለቱ ልክ ነው፣ አታስተንፍሱት። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) ጎሚስታ ዘንድ አስለኩ፤ ባዶ ስኮርታ ይዞ የሚሄደው ሰው ብዛቱ ያስገርማል። ክሪኩ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ 5 ሊትር ውኃ ለራዲያተሩ፣ 5 ሊትር ለሰው። ነዳጅ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ሙሉ፣ ወልዲያ ላይ ግማሽ ቢቀራችሁም እንደገና ሙሉ። ጋሸና ላይ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይገባም። ቴሌብር ላይ ለነዳጅ የሚበቃ ገንዘብ አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ለምግብና ለአልጋ የሚሆን ጥሬ ብርም ያዙ። የሁለታችሁም መታወቂያ አይረሳ።

ጎን የተቀመጠው ሰው ተሳፋሪ አይደለም፣ ረዳት ነው። ኩርባ ላይ ከፊት የሚመጣውን ያያል፣ ሙቀት መለኪያውን ይከታተላል፣ ስልክ ያነሳል። በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ።

የመጀመሪያው ፈተና የሐረጎ ዳገት ነው፤ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ 650 ሜትር ትወጣላችሁ። ከባድ መኪናዎች ስለሚያዘግሙ ትዕግሥት ያልቃል፣ አደጋውም የሚመጣው ከዚያ ነው። የማያዩትን ኩርባ አትቅደሙ። ቀኑ ሰኞ ከሆነ ግን ሐረጎን አቆዩትና ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ውረዱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድሮው የአሰብ ወደብ መንገድ ይኸው ነበር፣ ገበያው ላይም አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ። ከባቲ ተነስቶ አምባሰልን ሲያልፍ ሰው ሁለት የዘፈን ቅኝት በጎማ አለፈ ማለት ነው።

ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰሜን ነው፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ብቻ ይገባል። ሎጎ የሚባለው ይህ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ከፍ ብሎ ያለው አርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ ወደ እሱ ይወርዳል። ዳርቻው ለዋና ያጓጓል፣ ግን ቶሎ ይጠልቃልና የማይዋኝ ሰው ከጉልበቱ በላይ አይግባ። በጀልባ መሄድ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያነሳል። የእስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴት አትገባም። ይህን ደጁ ላይ ደርሶ መስማት ለጥንዶች ደስ አይልም፤ ወይ ሁለታችሁም ዳር ላይ ቆዩ፣ ወይ እሱ ገብቶ እስኪወጣ የምትቀመጥበት ጥላ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ዓሣውን ስታዩት ይጠበስላችሁ፤ ቆሮሶ ከሆነ ዓይኑ ጎድጎድ ያላለና ከጉንጩ ሥር ያለው መተንፈሻው ቀይ የሆነው ትኩስ ነው።

ከሐይቅ ወልዲያ ያለውን በጠዋት ንዱት። የአምባሰል ገደል ከመንገዱ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት የምታበራው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ገደሉ በጥላ ይዋጣል፣ ፏፏቴውም ፎቶ ላይ አይታይም። ተራራው እንደ ደረጃ የሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በንብርብር ስለተቀመጠ ነው። ጠንካራው ንብርብር ሲቆም በሥሩ ያለውን ለስላሳውን ውኃው ይቦረቡረዋል፣ ጅረቱም ከጠርዙ ይወረወራል። ፏፏቴው ሥር ቆሞ ፎቶ መነሳት መጥፎ ሐሳብ የሚሆነውም በዚሁ ነው፤ የተቦረቦረው ጠርዝ ድንጋይ ይጥላል፣ በተለይ ሌሊት ዝናብ ከዘነበ። ደፍርሶ ቡናማ የሆነ ጅረት በመኪና አትሻገሩ፣ ጥልቀቱን ይደብቃል። ውጫሌን (የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባትን) አልፋችሁ መርሳ ላይ ፍራፍሬ ግዙ፤ ከዚያ በኋላ ደጋ ነው።

ድልብን ከምሳ በፊት ውጡት። ላይ ስትደርሱ ራስ ሊከብድ ይችላል፤ ውኃ ጠጡ፣ በሞቀው መርሳ ያወለቃችሁትን ጃኬት ልበሱ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ይበዛዋልና የማርሹን ደንብ አትርሱ።

ላሊበላ ውስጥ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ለመጨረስ መሮጥ አይገባም። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ነጠላ ለሁለታችሁም። ሁለተኛውን ቀን ለነአኩቶ ለአብ ስጡት፤ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ዋሻ ውስጥ ነው፣ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታ እየተጠራቀመ ጠበል ይሆናል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከርቀቱ (42 ኪሎ ሜትር) የተነሳ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለዚያኛው ዝቅ ያለችውን ቪትዝ ሆቴል ትታችሁ ከፍ ያለ መኪና ተከራዩ።