እንቁጣጣሽ በዓባይ በረሃ መንገድ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ሰሞኑን በዓሉን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ወደ ጎጃም የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ።

ለዚህ ከመስከረም የተሻለ ወር የለም። ክረምቱ የመንገዱን ዳር ገደል አጥቦታል። አቧራ የለም፣ የድንጋዩ ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከአፋፉ ላይ አደይ አበባ ፈክቷል፣ ጤፉም ገና ለጋ ነው።

ቁልቁለቱ ሲጀምር መጀመሪያ የሚመጣው ያ ለቤት መሠረት የምንገዛው ጥቁር ድንጋይ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ እየፈላ ወጥቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየረጋ ደጋውን የሠራ እሳተ ገሞራ ነው። የደጀን ጥቁር ዋልካ አፈር የዚህ ድንጋይ ብስባሽ ነው። በበዓል መሶባችን ላይ ያለው የጎጃም ጤፍ ከዚያ ነው የሚበቅለው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ዝቅ ሲሉ ገደሉ ይነጣል። ይህ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ያኔ እዚህ ባሕር ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዛጎል ከነመስመሯ ድንጋዩ ውስጥ ተቀምጣለች። ካገኛችኋት ፎቶ አንሷትና እዚያው ተዉአት፤ ለሚቀጥለው መንገደኛም ትታይ።

ከኖራው በታች ጄሶ አለ። ባሕሩ ገና ጥልቀት ሳይኖረው፣ ውሃው እየተነነ ያስቀረው ነው። ድልድዩ አካባቢ ስትደርሱ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይቀበላችኋል። እሱ ከባሕሩም ይቀድማል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በወረዳችሁ ቁጥር ወደ ኋላ፣ ወደ ጥንቱ ትሄዳላችሁ።

ከድልድዩ ሥር ዓባይ ደፍርሶ ይወርዳል። ያ ቡናማ ቀለም የደጋው አፈር ነው። እውነት ለመናገር ያሳዝነኛል። የእርሻ ዳር እርከን የሚሠሩ ገበሬዎችን ሳይ ደግሞ ልቤ ይሞላል። በዓሉ ለእነሱ የተለየ ይሁንላቸው።

ሹፌሮች፣ አደራ! ጄሶውና ጭቃማው ንብርብር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ይላላል፤ መንገዱ የሚሰምጠውም፣ ድንጋይ የሚናደውም ለዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቤተሰብ ቡና አፍልቶ እየጠበቀ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት!