በካርታው ላይ ያለችው መስመር

ዛሬ ማታ ልጄ የአሜሪካ ታሪክ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ በ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬክሮስ ላይ መስመር አሰመረችና ባርነት የተከለከለበትን ከላይ ያለውን በቢጫ፣ የተፈቀደበትን ከታች ያለውን በቡኒ እርሳስ መቀባት ጀመረች። ሚዙሪ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ «ከመስመሩ በላይ ሆና ለምን ቡኒ ትሆናለች?» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1820 የኮንግረስ አባላት ሚዙሪ ባርነት የሚፈቀድባት፣ ሜይን ደግሞ የማይፈቀድባት ግዛት ሆነው እንዲገቡ የተስማሙት በሴኔቱ የሁለቱ ወገኖች ድምፅ እኩል እንዲሆን መሆኑን ነገርኳት። በዚሁ ስምምነት የተሰመረችው መስመር በ1854 በካንሳስና ነብራስካ ሕግ ተሻረች።

እኔን ይበልጥ ያሳመመኝ ግን የ1850ው ስምምነት ነው። ካሊፎርኒያ ባርነት የማይፈቀድባት ግዛት ሆና ስትገባ ባርነትን የሚደግፉት ደቡቦቹ በምላሹ ካገኙት አንዱ ያመለጡ ባሪያዎችን የማስመለሻው ሕግ ነበር፤ በዚህ ሕግ የተያዘው ሰው ስለ ራሱ ቃሉን መስጠት የማይፈቀድለት ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ለባለቤት ነኝ ባዩ ካስረከበ 10 ዶላር፣ ከለቀቀው ግን 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። ልዩነቱ ለወረቀት ሥራው ብዛት ነው ይባል ነበር፤ እኔ ግን ይህን ምክንያት ልቀበለው አልቻልኩም። ተስማሙ የተባሉት ሴናተሮቹ ናቸው፤ ዕጣቸው የተቆረጠባቸውን ሰዎች የጠየቃቸው አልነበረም።

ልጄ እርሳሱን እንደያዘች ጥቂት ዝም አለችና ሚዙሪን ቀስ ብላ ቀባች።